በሸጠው አጣና ላይ የሚወጣው ገበሬ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጎሮ ታክሲ መያዣው ግድም፣ መንገዱ ዳር ላይ የቆሙትን ወጣቶች ያየ ሰው ከየት እንደመጡ ለመገመት አይቸገርም። አንዱ ጋቢውን አጥፎ ትከሻው ላይ ጥሏል፤ ሌላው የሥራ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ይዟል። ንግግራቸው የጎጃም፣ የወሎ፣ የጎንደርና የሰሜን ሸዋ ነው። መካከላቸው በአፋን ኦሮሞ የሚጨዋወቱም አሉ። አብዛኞቹ የተጫሙት የፕላስቲክ ጫማ ነው። ቀጣሪ ብቅ ሲል ይከቡታል፤ ሁለት ቡሎኬት አቀባይ፣ ሦስት አሸዋ ጫኝ፣ አንድ ልስን ላይ የሚያግዝ ይባልና በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናሉ። ስማቸውን የጻፈ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጡ የጠየቀ አይታይም።

ወሩ የካቲት ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። መሬቱ እስኪርስ፣ የእርሻው ሥራ እስኪጠና ድረስ የወጣቱ ጉልበት ሥራ ፈት ነው። ለማዳበሪያ የሚሆን፣ ለቆርቆሮ የሚሆን፣ ያረጀውን በሬ ለመተካት የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ብዙዎች በዚህ ወቅት ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ጎሮና አካባቢው ደግሞ ሥራ ያለበት ሥፍራ ነው። በአንድ ወገን ሰሚት፣ በሌላ ወገን ቦሌ ለሚና ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ይገኛሉ፤ በሁሉም አቅጣጫ ግንባታ አለ። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተውም ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስለተዘረጋች ነው።

የዚህ ገጽ አንባቢ ግን ይህ የከተማ ወሬ ነው ብሎ እንዳያልፈው አንድ ነገር ላመልክት። በጎሮ ከሚገነቡት ፎቆች ብዙዎቹን የከበበው መወጣጫ ዛሬም አጣና ነው። የብረት መወጣጫ እየተለመደ ቢመጣም እንጨቱ አልጠፋም። አጣናው የበቀለው ደግሞ በገበሬ ማሳ ዳር ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ለአዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እጥረት መፍትሔ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ገጠር ተሻግሮ የገበሬው የቁጠባ ደብተር ሆነ። በጎጃም በሜጫና በአካባቢው፣ በሰሜን ሸዋ፣ በጉራጌ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬው ችግኙን ተክሎ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ቆርጦ ይሸጣል። ቀጭኑ ማገር፣ መካከለኛው አጣና፣ ወፍራሙ ቋሚ ይባላል። በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ በሚስማር ተመትቶ፣ በገመድ ታስሮ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ድረስ ይቆማል። ከዚያ የሸጠው ገበሬ ልጅ ቡሎኬት ተሸክሞ ይወጣበታል።

እንጨቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ይህ ልጅ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንደሚኮማተርና እንደሚሰነጠቅ፣ በዚህም የተመታው ሚስማር እንደሚላላ ያውቃል። ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት ላይ ሲረገጥ ቅርፊቱ ተልጦ እንደሚያንሸራትት ያውቃል። ምስጥ የገባበትን በጥፍሩ ቧጥጦ፣ ቀልጦ የተሰባበረውን በድምፁ ይለያል። በአገሩ ቢሆን ጎጆ ሊሠራበት እንኳን የማይመርጠውን እንጨት፣ ጎሮ ሲደርስ ፎርማኑን ሳይጠይቅ ይወጣበታል። ለምን ቢሉ፣ የጠየቀ ነገ አይቀጠርም ብሎ ስለሚፈራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሆን ተብለው ካልተፈጸሙ አደጋዎች መካከል ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት የሚያደርስ አወዳደቅ ደግሞ በየዓመቱ ከ37 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ አደገኛ ብሎ በቀዳሚነት ከሚጠራቸው ዘርፎች መካከል ግብርናና ግንባታ አሉ። የእኛ ገበሬ በዓመቱ እኩሌታ በአንዱ፣ በቀሪው በሌላው ውስጥ ያሳልፋል።

መረሬው ምን ያደርጋል?

ከጎሮ እስከ አቃቂ የሚዘረጋው ሜዳ ትናንት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበት የነበረ መሬት ነው። አፈሩ መረሬ ነው። ጥቁር አፈር የሚያርስ አንባቢ ጠባዩን ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ እግር ይይዛል። ለእርሻ ሲሆን ውኃ ማንጣፈፊያ ቦይ ይወጣለታል፣ መደብ ይሠራለታል። ለግንባታ ሲሆን ደግሞ መሐንዲሶች አፈሩን ጠርገው አውጥተው ሌላ የተመረጠ አፈር ይሞላሉ።

ችግሩ የሚሞላው ሕንጻው የሚያርፍበት ብቻ መሆኑ ነው። መወጣጫው የሚቆመው ከሕንጻው ውጭ፣ ያልተጠረገው መረሬ ላይ ነው። በሚያዝያ አንድ ዝናብ ሲጥል የአጣናው እግር ይሰምጣል። ሁሉም እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ግን አንዱ አንድ ጣት፣ ሌላው አንድ ክንድ ሲሰምጥ ላይ ያለው ጣውላ ይዘማል፣ ማሠሪያው ይላላል። ታች ላለ ሰው ቁምነገር የማይመስል መዝመም አሥር ሜትር ላይ ለቆመ ሰው ብዙ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቋሚ ሥር ሰፊ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ፣ ከዝናብ በኋላ ሰው ከመውጣቱ በፊት ማሠሪያውን አንድ በአንድ ማየት፣ መወጣጫውን ከሕንጻው ጋር ማያያዝ በቂ ነው። የሚረገጠው ጣውላ አንድ ብቻውን የተጋደመ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ሆኖ ተጠጋግቶ የታሠረ፣ ከጎኑ ወገብ ላይ የሚደርስ መከለያ ያለው መሆን አለበት። መሰላል ሲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ አራት ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል፤ ጫፉም ከሚወጣበት ወለል አንድ ሜትር ያህል አልፎ ይሄዳል፤ የሚወርድ ሰው የሚይዘው እንዲኖረው ነው።

መሠረት የሚቆፈርበት ጉድጓድ ሌላው ነው። መረሬ ደረቅ ሲሆን ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆምና ያታልላል፤ ውኃ ሲገባው በአንዴ ይናዳል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ድጋፍ መግባት፣ የተቆፈረውን አፈር አፋፉ ላይ መከመር፣ አፋፉ ላይ መቆም ጉዳት ያመጣል። የተቆፈረና የተተወ ጉድጓድ ክረምት ውኃ ይሞላል፤ ከላይ ሲታይ ኩሬ ይመስላል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ያልታጠሩና ያልተከደኑ ጉድጓዶች ሰው እንዳይበሉ የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም ባለፈው ክረምት ከዚህ ሰፈር ድርሻዬን ወስጃለሁ። ለውኃ ቧንቧ በተቆፈረ ቦይ ላይ ከተጋደመች አንዲት ጣውላ ላይ አንሸራቶኝ ወደቅሁ። ቦዩ ከወገቤ አይበልጥም ነበር፤ የቀኝ እጄ አንጓ ግን ሦስት ሳምንት ብዕር አላስያዘኝም። ባልደረቦቼ በግራ እጄ የጻፍኩትን ዜና እያነበቡ ሲስቁ ከረሙ። ደመወዜ አልተቋረጠም። ለጋዜጠኛ የእጅ አንጓ መጎዳት ሳቅ ሆኖ አለፈ፤ በቀን ሂሳብ ለሚኖር ሰው ግን ሦስት ሳምንት ማለት የወር ቤት ኪራይ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሰኔ ላይ እርፍ መጨበጥ ካልቻለ ጉዳቱ የዓመት ይሆናል።

ሕጉ ለቀን ሠራተኛም ነው

ብዙ ጊዜ የሚሰማው የተሳሳተ አባባል የቀን ሠራተኛ ውል ስለሌለው መብት የለውም የሚለው ነው። ይህ ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም አይልም። በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ የሥራውን ሁኔታ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አድርጎ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው፤ ይህን አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያሳጣም።

የአዋጁ 92ኛ አንቀጽ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አደጋ ሲደርስ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሄልሜቱን፣ የደህንነት ቀበቶውንና ጫማውን ከቀን ሂሳብህ ገዝተህ ና የሚል ቀጣሪ ካለ ግዴታውን ወደ ሠራተኛው እያዞረ ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን የመጠቀም ግዴታ አለበት፤ ሙቀት ነው ብሎ ሄልሜት ላይ አሸዋ ሲሰፍርበት የሚውል ሰው አይቻለሁ።

ጉዳት ሲደርስስ? አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ተጠያቂ የማይሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት ትእዛዝ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ደረጃ ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። የሕክምና ወጪውን አሠሪው ይሸፍናል። ተጎጂው መሥራት ሳይችል ሲቀር ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሠራተኛ በአማካይ በወር 10 ሺህ ብር ያገኝ ነበር እንበል። እግሩ ተሰብሮ ዓመት ቢተኛ በመጀመሪያው ሦስት ወር 30 ሺህ፣ በሁለተኛው 22 ሺህ 500፣ በስድስቱ ወር 30 ሺህ፣ በድምሩ 82 ሺህ 500 ብር ይደርሰዋል። ፈጽሞ መሥራት የማይችል ሆኖ ቢቀርና የጡረታ ወይም የመድን ሽፋን ባይኖረው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 600 ሺህ ብር። ከፊል የአካል ጉዳት ከሆነ በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ቢሞት ደግሞ ካሣው ለትዳር ጓደኛውና ለሌሎች ጥገኞቹ ይተላለፋል፤ የቀብር ማስፈጸሚያውም ከሁለት ወር ደመወዙ አያንስም።

ይህን ከገጠር ጋር አስተያዩት። ጎሮ ላይ ልጅ ወድቆ ሲሞት ወይም ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ቀጣሪውም የተወሰነ ጨምሮበት ወደ አገሩ መላክ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። ወረቀት ይፈረማል፤ ምን እንደተጻፈበት ያላነበበ አባት አውራ ጣቱን ያሳርፋል። እርቅ መልካም ባሕላችን ነው፤ አባትየው ግን ሕጉ ለልጁ ያስቀመጠውን ሳያውቅ የሚፈርመው ወረቀት እርቅ አይባልም። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ከመፈረማቸው በፊት ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላሉ። ክሱ የሚቆመው ደግሞ በማስረጃ ነው። በየቀኑ ስንት ብር እንደተከፈለ፣ ሥራው የማን እንደነበረ፣ አብሮ የነበረው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በኪሱ ትንሽ ደብተር ይዞ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የፎርማኑን ስምና የተከፈለውን ቢጽፍ ብዙ ነው። በስልኩ የሕንጻውን ታፔላ ፎቶ ቢያነሳ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ታፔላው ላይ የባለቤቱም የሥራ ተቋራጩም ስም ይገኛል።

ወጌሻና ቀርከሃ

ከወደቀ በኋላ የሚደረገው ነገር አንዳንዴ ከመውደቁ ይብሳል። ከከፍታ የወደቀ ሰው ሲገኝ አራት ሰው በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ያስገባዋል። በቀናነት ነው። ነገር ግን አከርካሪው ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ገና ያልተነካ ሰው፣ በዚህ አጠፋፍ እድሜ ልኩን የማይራመድ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን ወይም አንገቱን ያመመው፣ እግሩ የደነዘዘው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከባድ ሌላ አደጋ እስካላንዣበበበት ድረስ ባለበት እንዲቆይ ማድረግ፣ ጭንቅላቱንና አንገቱን ከሰውነቱ ጋር ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ማንሳት ግድ ከሆነም በበር ሳንቃ ወይም በሰፊ ጣውላ ላይ እንደ ግንድ በአንድነት አንከባሎ ማጋደም ይገባል። ጣውላ ደግሞ ግንባታ ቦታ አይጠፋም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራሉ። በከተማዋ ለእንዲህ ያለ አደጋ የተለየ አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል አንዱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወጌሻ ነው። ሆስፒታል ወረፋው ረዘመ፣ ገንዘቡ በዛ፣ ወይም እግር ይቆረጣል የሚለው ፍርሃት አየለና ተጎጂው ወደ አገሩ ተወስዶ ወጌሻ ይይዘዋል። ወለምታና ውልቃት በማሸት የተሻለው ብዙ ነው፤ እኔም የእጄን አንጓ ሰፈር ያሉ አባት አሽተውልኛል፣ ሐኪም አልተሰበረም ካለኝ በኋላ ነው እንጂ። ስብራት ላይ ግን ቀርከሃ ጠርበው ዙሪያውን በገመድ ጠብቆ ሲታሰር፣ የተሰበረው ቦታ እያበጠ ሲሄድ እሥሩ ደም ያግዳል። በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግር እንዲቆረጥ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ይህ ጠባብ እሥር በሕክምና ጥናቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የሚቆረጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጆችና ጎልማሶች ናቸው። እግር ይቆረጣል ብሎ ከሆስፒታል የሸሸ ሰው፣ በሸሸበት ምክንያት እግሩን ያጣል።

ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል። ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ለማንቀሳቀስ ካቃተው እሥሩ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ነገ አይባልም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነ ከመጀመሪያውም ወጌሻ ጋ የሚወሰድ አይደለም። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ወጌሻን ከማባረር ይልቅ አሰባስበው ይህን ቢያሳዩዋቸው የሚጠቀመው ብዙ ነው። ወጌሻ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ ያለውን ሰው ቤተሰብ ይሰማዋል።

በአገር ቤትም መውደቅ አለ

ጎሮን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም። ገበሬው በአገሩም ይወድቃል፤ ማን ይመዘግበዋል እንጂ። የጭድ ክምር ጫፍ ላይ ሆኖ ሲከምር፣ የጎጆ ክዳን ሲከድን፣ ለማገዶ ቅርንጫፍ ሲመለምል፣ ጎተራ ላይ ወጥቶ እህል ሲዝቅ፣ ከበቅሎ ላይ። ክምር የሚከምር ሰው ሲወርድ ክምሩን ተንሸራትቶ ነው፤ ታች መንሽ ወይም ሞፈር ቆሞ ከጠበቀው ነገሩ ያከትማል። የጉድጓድ እህል ለማውጣት ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው መግባትም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የታመቀው አየር ራስ አዙሮ ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛ ሰውም ይከተለዋል። የውኃ መሳቢያ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳትም ጭሱ ይገድላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልላችን በዘመቻ የተቆፈሩትን ባለ ፕላስቲክ የውኃ ማሰባሰቢያ ኩሬዎች የቆዩ የግብርና ባለሙያዎች ያስታውሷቸዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ፕላስቲኩ ተዳፋት ላይ ስለተነጠፈ፣ የገባበት ልጅ ወይም ጥጃ ምንም ቢፍጨረጨር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ዛሬም በመስኖ ሥራ የሚቆፈሩ ኩሬዎችና የእጅ ጉድጓዶች ሲመረቁ ስንት ሄክታር እንደሚያለሙ ይነገራል፤ ታጥረዋል ወይ የሚለው ሪፖርቱ ላይ ቦታ የለውም። አንድ እሾህ አጥር፣ ለጉድጓዱ ከመሬት ከፍ ያለ አፍና ክዳን፣ ለኩሬው ደግሞ በየመጋጠሚያ የታሠረ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከዳር እስከ ታች ቢወርድ ይበቃል። የሚፈለገው ቁሳቁስ ሁሉ በገበሬው ግቢ አለ።

ወደ ጎሮ ስመለስ ሌላም ነገር አለ። በምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ ዛሬም ወተት የሚያልቡ አርሶ አደሮችና ማኅበራት አሉ፤ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ከተሞች ዙሪያም የተዳቀለች ላም ቤት መሥራት ተስፋፍቷል። ብዙ ሰው የላሙን ቤት ወለል ለንጽሕና ብሎ በሲሚንቶ ልሙጥ አድርጎ ያስለስናል። በሽንትና በእበት ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል። አላቢው ባልዲ ይዞ ይወድቃል፤ ላሟም የኋላ እግሮቿ ተበልቅጠው ትወድቅና ከዚያ በኋላ የማትነሳ ሆና ትቀራለች። ወለሉን ሲያስለስኑ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሻካራ መጥረጊያ ማሻከር ወይም በዘንግ ቦይ ቦይ ማውጣት፣ ወደ ፍሳሽ መውረጃው በትንሹ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፣ ገለባ ማንጠፍ ያስፈልጋል። አስቀድሞ የተለሰነ ከሆነ በመሮ ቦይ ማውጣት ይቻላል።

አረጋውያንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በመውደቅ ከሚሞቱት ውስጥ ትልቁን ቁጥር የሚይዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከገጠር መጥተው ጎሮና ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚከርሙ እናቶች አሉ። በባዶ እግር ሣር የለመደ እግር፣ በነጠላ ጫማ፣ መብራት በሌለበት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይወጣል ይወርዳል። እማማን ደግፏቸው፤ ደረጃውን መብራት አድርጉለት፤ የታጠበ ሴራሚክ ላይ ሳይደርቅ አታስረግጧቸው።

ወረዳው ከየት ይጀምር?

የወጣቱን ጉዞ ማስቆም አይቻልም፤ ማስቆምም አይገባም። ወረዳዎች ግን ማን እንደሄደ አያውቁም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለተፋሰስ ሥራ እያንዳንዱን ቤት የሚቆጥረው ቀበሌ፣ ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ በጥር ስንት ልጅ አውቶቡስ እንደተሳፈረ መዝገብ የለውም። የተፋሰስ ልማት ሥራው የሚካሄደው በዚሁ ወቅት ነው። ሕዝቡ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እርከን ሲሠራ፣ የልማት ሠራተኛዋና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግማሽ ሰዓት ወስደው ስለ መወጣጫ፣ ስለ ካሣና ስለ ቀርከሃ እሥር ቢናገሩ የተለየ በጀት አይጠይቅም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። አባል የሆነ ቤተሰብ ልጁ አዲስ አበባ ላይ ሲጎዳ ምን ያህሉ እንደሚሸፈንለት የሚያውቀው በጣም ጥቂት ነው። አገልግሎቱ የሪፈር ሰንሰለትን ተከትሎ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት የጤና ጣቢያውን የመድን ባለሙያ መጠየቅና መታወቂያውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። እድርም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። የእኛ እድር ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ ወገቡ ተሰብሮ ለተኛ ግን ብዙ ጊዜ መተዳደሪያ ደንቡ ዝም ይላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው በተኛው ቤት እውነት ነው፤ መጀመሪያ በጉ፣ ቀጥሎ ላሟ፣ በመጨረሻ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱም ለእኩል አራሽ ይሰጣል።

በጎሮ በኩል ደግሞ ሥራው የተቆጣጣሪው ነው። የኢትዮጵያ የሕንጻ አዋጅ ግንባታ በሚካሄድበት ጊዜ ለሠራተኛውም ለአላፊ አግዳሚውም ጥንቃቄ እንዲደረግ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሄልሜት ከመጋዘን ወጥቶ ይታደላል፤ ሲሄድ ተመልሶ ይቆለፍበታል የሚባለው ሐሜት ብቻ ይሁን አይሁን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሳይነገር በጠዋቱ 2 ሰዓት መምጣት።

በጎሮ መንገድ ዳር የሚቆሙት ወጣቶች እስከ ግንቦት መጨረሻ እዚያው ናቸው። የሚመጣውን ዓመት ጉዞ የሚያስብ አንባቢ ካለ ልጁን ሲሸኘው ከስንቁ ጋር አንድ ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ በኪሱ ያኑርለት። ሙሉ ስሙ፣ ወረዳውና ቀበሌው፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩም 907 ይጻፍበት። ራሱን ስቶ ሆስፒታል የደረሰ የቀን ሠራተኛን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያሳውቅ ሌላ ምንም ነገር ላይገኝ ይችላል።